የካፒታኖው ዱላ መያዣ

አያ አላምረውን ያወቅሁት ለበቅሎ የሚሆን አለንጋ ልገዛ ሄጄ ነው። ጎንደር አጠገብ፣ ጠዳ ላይ፣ ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ደጁ ላይ ቆዳ ወጥሮ ተቀምጦ ነበር። ዋጋ ጠየቅሁት። "እጅህን አምጣ" አለ። መዳፌን ገልበጥ አድርጎ አየና "ብዕር ነው የምትይዝ። በቅሎዋም ያንተ አይደለችም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የአጎቴ ነበረች። ከዚያ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ዝቆ መዳፌን ቀባኝና ጨርቅ የተጠቀለለበት በትር አስጨበጠኝ። ጣቶቼ ጨርቁ ላይ ያረፉበትን ቦታ አይቶ አለንጋውን በዚያው ልክ ሠራልኝ። እንዲህ እጅ ላይ የሚመች ነገር ከዚያ በፊት ይዤ አላውቅም።

ይህን ሙያ የት እንዳገኘው ልጠይቀው ብዙ ጊዜ ተመላለስኩ። ቶሎ አይነግርም። "ማን ላከህ?" ይለኛል። ማንም አልላከኝም ስለው "ካልተላክህ ምነው ትጠይቃለህ?" ይላል። በአምስተኛው ጊዜ ባለቤቱ እማማ ታየች "ኧረ ንገረውና ይረፍ! ጣሊያን እንደሆነ ከሄደ ስንት ዘመኑ" ብላ ስትቆጣው ጀመረልኝ። እኔም እሱ እንዳወራኝ አድርጌ፣ የረሳውንም ታየች እንደሞላችልኝ ጻፍኩት።

ጣሊያን ጎንደር በገባ በአራተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ነው ነገሩ የሆነው። አላምረው ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ኮርቻ ይሠራል፣ አለንጋና ጅራፍ ይሠራል፣ የጭነት ጠፍር ይቆርጣል። ሰው የሚያውቅለት ሥራ ይኸ ነው። ሰው የማያውቅለት ሌላ ሥራም ነበረው። የወገራ አርበኞች የጠመንጃቸው ሰደፍ ሲሰነጠቅባቸው ወደ እሱ ይልካሉ። ሸዋረግ የምትባል ሴት ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል ጭድ ተሸክማ ለገበያ ትመጣለች፤ ሰደፉ በጭዱ መሀል ነው። አላምረው እንጨቱን ገጥሞ በእርጥብ ጥሬ ቆዳ ጠቅልሎ ያስረዋል። ቆዳው ሲደርቅ ይሰበሰብና እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ዳግመኛ ቢሰበር እንኳ በሌላ ቦታ ነው የሚሰበር። ይህ ቢታወቅ ፍርዱ መሰቀል ነው። ከአርበኞቹ ሌላ ይህንን የሚያውቁ እሱ፣ ታየችና ሸዋረግ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ አንድ የምንሽር ጠመንጃ ሰደፍ ጎታው ውስጥ ከገብሱ ሥር ተቀብሮ ሲደርቅ፣ አስተርጓሚው ይባረክ ሁለት ወታደር አስከትሎ ደጁ ላይ ቆመ።

"አላምረው የምትባል አንተ ነህ?"

"ነኝ፣ ጌታው።"

"ካፒታኖ ይፈልግሃል። ወስፌህን፣ ጠፍርህን ይዘህ ተነሥ።"

ታየች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። "ምን አጠፋ?" አለች።

"ምን እንዳጠፋማ ገና አላወቅንም" አለ ይባረክ፤ ሳቀም።

አላምረው ወደ ጎታው ላለማየት ሲል ዓይኑን በወታደሮቹ ጫማ ላይ ተከለ። ወታደሮቹ ግን ወደ ቤት አልገቡም። ይህ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረው። ጣሊያን ሰው ሲጠራ ቤት ይፈትሻል፤ ካልፈተሸ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው ሲል አሰበ። ካፒታኖው እስካለበት እስከ አዘዞ ድረስ ይህንኑ ሲያመላልስ ሄደ።

ይህን ካፒታኖ፣ የጣሊያኑን ሻምበል፣ ባላገሩ "አፈር ገራፊው" ነበር የሚለው። ከጦር ሰፈራቸው በላይ ባለው ሜዳ ላይ ቀጭን ዱላ ይዞ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፤ ነጭ ትንሽ ኳስ እመታለሁ ሲል አፈሩን ይገርፈዋል። ሜዳው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ አስቆፍሮ በየጉድጓዱ ቆርቆሮ ቀብሯል። አንዱ ፈንጂ ነው ይላል፤ አንዱ መሬታችንን ሊለካ ነው ይላል፤ አንዱ የከብት በሽታ ነው የቀበረ ይላል። ሣሩ የለመለመ ቢሆንም በዚያ ሜዳ ከብት የሚያሰማራ ሰው አልነበረም።

ካፒታኖው ቀጭን፣ ትሑት ነገር ነው። አላምረውን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። ለባላገር የሚነሣ ጣሊያን አላምረው አይቶም ሰምቶም አያውቅም፤ አንድ ጥርጣሬ ጨመረ። ካፒታኖው ዱላውን ዘረጋለትና አንድ ነገር ተናገረ።

"ያዘው ይልሃል" አለ ይባረክ።

ዱላው እንደ መቃ የቀለለ ነው፤ ጫፉ ላይ እንደ ጭልፋ የተጠፈጠፈ ብረት አለው። መያዣው ላይ የተጠመጠመው ቆዳ አልቆ ተልጦ፣ በላብ ጠቁሮ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። አላምረው ዱላውን አይቶ ያሰበው ሌላ ነው። ይኸ ሰው እጄን ሊያይ ነው አለ በልቡ። ጠመንጃ የለመደ እጅ አይደበቅም፤ ማንኛውንም እንጨት ሲቀበል ግራው ቀድሞ ከሥር ይደግፋል። አላምረው ደግሞ ጣሊያን ሲመጣ ሽሬ ድረስ ዘምቶ የተመለሰ ነው። ስለዚህ ዱላውን ልክ እንደ መጥረጊያ ያዘውና መሬቱን ጠረግ ጠረግ አደረገ።

ካፒታኖው ሳቀ። "መጥረጊያ አይደለም፤ ጎልፍ ይባላል፤ ጨዋታ ነው ይልሃል" አለ ይባረክ።

"ከማን ጋር ነው የሚጫወት?"

"ብቻውን።"

"እኛም ለገና እንጫወታለን። ግን ሲመቱት መልሶ የሚመታ ሰው አለ።"

ይባረክ ይህን ተረጎመ። ካፒታኖው ሳቁን ተወና አላምረውን ትክ ብሎ አየው።

"መልሶ የሚመታ ማለትህ ማን ነው ይላል።"

"ኳሷን ነው፣ ጌታው" አለ አላምረው። "የገና ጨዋታ ላይ ኳሷን ነው የሚመታ።"

ከዚያ ካፒታኖው ዱላውን ተቀብሎ አያያዙን አሳየው። ግራ እጁን ከላይ፣ ቀኙን ከበታች አድርጎ፣ የቀኙን ትንሽ ጣት በግራው ሌባ ጣት ላይ አቆላለፈ። ሁለቱ እጆቹ እንደ ቁራኛ ሆኑ፤ አንዱ ካንዱ ማምለጥ አይችልም። አላምረው ግን ወዲያው አንድ ነገር አየ። የካፒታኖው ቀኝ እጅ ሁለቱ መሀል ጣቶች አይታጠፉም፤ ጥይት ያገኛቸው ናቸው። ማን እንዳገኛቸው አልጠየቀም። ዱላውን ሲያወናጭፍ ጣቶቹ ስለማይዙለት ዱላው እጁ ውስጥ ይዞራል። ያንን ለማካካስ በቀሩት ጣቶች አንቆ ይይዛል፤ ሲያንቅ ክንዱ ይደርቅና ኳሷን ስቶ አፈሩን ይመታል።

"ባለፈው ሳምንት ከእጁ አምልጦት የጭነት በቅሎ አቁስሏል" አለ ይባረክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በቅሎዋ አሁን ዱላውን ስታይ ጭነቷን ጥላ ትሮጣለች። የሚይዝለትና እጁን የማይልጠው መያዣ ሥራለት። ሌሎቹን ቆዳ ሠሪዎች ጠየቅን፤ አንተን ነው የጠቆሙ።"

ማነው የጠቆመኝ አለ አላምረው በልቡ። ግን ሙያ ክፉ ነገር ነው፤ ፈርቶም ቢሆን ዓይኑ ከካፒታኖው እጅ ላይ አልነሣ አለው።

"ላም አልቦ ያውቃል ወይ በልልኝ" አለ።

"ምን?"

"ላም የሚያልብ ሰው ጡቱን አያንቅም። ካነቀ ትራገጣለች። ከላላ ደግሞ ወተት የለም። ዱላውንም እንደዚያ ነው መያዝ። አሁን የያዘው ዶሮ ሊያርድ እንደተነሣ ሰው ነው።"

ይባረክ የመጨረሻውን ይተርጉመው አይተርጉመው አላምረው አላወቀም። ካፒታኖው ግን "በሀገሬ የሚያልቡልኝ ሌሎች ናቸው" አለ፤ ያም ሆኖ ጣቱን ላላ አደረገ።

አላምረው ጥላሸት ጠየቀ። ከወጥ ቤታቸው መጣለት። የካፒታኖውን መዳፍ ሊቀባ ሲል ካፒታኖው እጁን ሰበሰበ።

"መተት ነው ወይ ይላል።"

"ጥላሸት ነው በለው። ከገዛ ድስቱ ነው የመጣ።"

ካፒታኖው አንዱን ወታደር ጠርቶ መጀመሪያ የሱ እጅ እንዲቀባ አዘዘ። ሁሉም ቆመው የወታደሩን እጅ ሲጠብቁ ቆዩ። ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ ነው የራሱን መዳፍ የሰጠ። አላምረው ጨርቅ የተጠቀለለበትን በትር አስጨበጠው፤ የጣቶቹን አሻራ አየ፤ በትሩንና ዱላውን ይዞ ተሰናበተ። "የዛሬ ሳምንት" አሉት።

ቤቱ ሲደርስ ታየች በሩ ላይ ነበረች። ነገሩን ሲነግራት አላመነችም። "ለዱላ ብሎ ሰው አይጠራም። የሚፈልገው ሌላ ነው" አለች።

"እኔም እንደሱ ነው የምል።"

"እንግዲያ አበላሽተህ ሥራለት፤ ዳግመኛ አይጠራህም።"

"አበላሽቼ ብሠራ እሱ ይጠረጥረኛል።"

"ሸጋ አድርገህ ብትሠራስ?"

"ያን ጊዜ ሰው ይጠረጥረኛል።"

ታየች ሄዳ ጎታው ላይ ገብስ ጨመረችበት።

አላምረው ሸጋ አድርጎ ሠራው። አውቆ አይደለም፤ እጁ ሌላ አይችልም። መጀመሪያ የድሮውን ቆዳ ልጦ ጣለ። ያልታጠፉት ጣቶች በሚያርፉበት በኩል ባዘቶ ጥጥ ደርቦ አወፈረው፤ ጣት ወደ ዱላው መሄድ ካልቻለ ዱላው ወደ ጣት ይምጣ ብሎ። ከሥር በኩል ቀጭን ገመድ አጋደመ፤ ዱላው ሊዞር ሲል መዳፉ ገመዱን ያገኘዋል። ከላይ በደንብ የለፋ የፍየል ቆዳ፣ ሻካራው ወደ ውጭ እንዲሆን ገልብጦ እርጥቡን ጠመጠመ። ላብ በነካው ቁጥር ይይዛል እንጂ አያሙለጨልጭም። ሲጨርስ ጫፉን ቋጠረ፤ ከጥላ አስቀመጠው።

በመካከሉ ቅዳሜ ገበያ ሆነ። ጎንደር ቆዳ ተራ ላይ ዕቃውን እንደዘረጋ ነገሩ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ከሱ ትይዩ የሚቀመጠው ፋንታሁን ነው፤ እሱም የጠዳ ሰው፣ ቆዳ ሠሪ። ሁለቱ ከተኮራረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ፋንታሁን ጮክ ብሎ ለጎረቤቱ ያወራል፤

"የካፒታኖ እጅ እንዴት ነው አሉ፣ ይለሰልሳል? በጥላሸት የለካው ሰው ይንገረን እንጂ።"

"አንተ ቆዳህን አልፋ፣ ፋንታሁን" አለ አላምረው። "የሸተተው ገዢ ከሩቅ ነው የሚመለስ።"

"የኔ ቆዳ ነው የሚሸት። የሰው ስም አይሸትም።"

ሰው ሳቀ። አላምረው አለንጋዎቹን መደርደር ያዘ። ከስድቡ ይልቅ ያስደነገጠው ሌላ ነበር። ሸዋረግ ጭዷን ተሸክማ በፊቱ አለፈች፤ አላየችውም። ሁለተኛ ዞራ አለፈች፤ አሁንም አላየችውም። አርበኞቹም ሰምተዋል ማለት ነው። ባንዳ ሆነ ብለዋል። ሰደፉን የሚወስድለት ሰው የለም፤ ጎታው ውስጥ እንደተቀበረ ቀረ። ሊጥለው አስቦ ነበር፤ የሰው ጠመንጃ ነው፣ የት ይጣላል።

ረቡዕ ደረሰና ዱላውን ይዞ አዘዞ ወጣ። ካፒታኖው ተቀበለው፤ ጨበጠው። ጣቶቹ ቦታ ቦታቸውን ሲያገኙ ፊቱ ላይ ታወቀ። ሁለቱ ደረቅ ጣቶች የወፈረው ላይ ተጋድመው አረፉ። ላላ አድርጎ ያዘና መታ። ኳሷ ሄደች፤ አፈሩ አልተነሣም። ሁለተኛ መታ። ሦስተኛ መታ። በቅሎዋ ከሩቅ ሆና አየችው፤ አልሮጠችም።

አላምረው ያን ጊዜ ፈርቶም ቢሆን ደስ አለው። ይህንን ሲነግረኝ አፍሮ ነበር።

ካፒታኖው ዱላውን አገላብጦ ማየት ጀመረ። የመያዣው መጨረሻ ላይ ሲደርስ እጁን አቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየ። ከዚያ ምንም ሳይል ድንኳኑ ውስጥ ገባ፤ ሲወጣ አንድ ጠመንጃ ይዟል። ከአርበኛ የተማረከ ነው፤ ሰደፉ አንገቱ ላይ በጥሬ ቆዳ ታስሯል። ጠመንጃውንና ዱላውን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አጋደማቸው።

አላምረው ያኔ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። ቆዳ ሠሪ ሁሉ ጠፍሩን ጠምጥሞ ሲጨርስ ጫፉን ከሥር ሸጉጦ ይቆርጠዋል። የአላምረው አባት ግን ጫፉን ለሁለት ሰንጥቆ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አሹልኮ፣ መልሶ አገናኝቶ በጠጠር ይጠፈጥፈው ነበር። ላዩ ላይ ትንሽ ጉንጉን ይቀራል። ቢጎትቱት ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። ለልጁ ብቻ አሳይቶት ነው የሞተ። አላምረው ሌላ አጨራረስ አያውቅም፤ ሲቋጥር አያስበውም። የአርበኞቹንም ሰደፍ፣ የካፒታኖውንም ዱላ በዚያው እጁ ቋጥሮታል።

"ይህንን ማን ሠራው ይላል" አለ ይባረክ፤ አሁን አልሳቀም።

"የትኛውን፣ ጌታው?"

"ጠመንጃውን።"

"እኔ ጠመንጃ አልሠራም።"

"ቋጠሮው አንድ ነው ይላል።"

አላምረው ጠመንጃውን ሳያይ "ቋጠሮው የሀገሩ ነው። ቆዳ የነካ ሁሉ ይቋጥረዋል" አለ።

ካፒታኖው ራሱን ነቀነቀ፤ በትሕትና ነው የነቀነቀ። "ሸጋ፤ እንግዲያው ሌላ ቆዳ ሠሪ ይምጣና ይቋጥር ይላል። ከአንተ ሌላ ጠዳ ላይ ማነው ያለ?" አለ ይባረክ። አላምረው ሳይመልስ ራሱ ይባረክ "ፋንታሁን የሚባል አለ" አለ።

አላምረውን ድንኳኑ አጠገብ መሬት ላይ አስቀምጠው ወታደር አቆሙበት። ፀሐይ ከራሱ በላይ እስኪሆን ጠበቀ። ፋንታሁንን ያውቀዋል። ፋንታሁን እንኳን ሊያድነው ሰላምታም አይሰጠውም። ደግሞም ቋጠሮውን ማንም አላሳየውም።

ፋንታሁን መጣ። መጀመሪያ መሬት ላይ የተቀመጠውን አላምረውን አየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጠመንጃ አየ። ባለሙያ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ሥራ ላይ ነው፤ ሰደፉ ላይ ያለውን ጉንጉን አይቶ ቆየ። ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ካፒታኖው እንጨትና ጠፍር አሰጠው። "በሀገርህ ወግ ጠምጥመህ ጨርስ ይልሃል" አለ ይባረክ።

"ጠፍሩ ደርቋል" አለ ፋንታሁን። "ውሃ ስጡኝ።"

ውሃ ሰጡት። ጠፍሩን ዘፈዘፈ፤ ሳይቸኩል ጠመጠመ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ወስፌውን አነሣና ለሁለት ሰነጠቀው። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አሹልኮ አገናኛቸው። ጠጠር ፈልጎ ጠፈጠፈው። አላምረው ሁሉንም ሲያይ ነበር። አባቱ ከመቃብር ቢነሣ ኖሮ ይህን ያህል አይደነግጥም ነበር።

ካፒታኖው ሦስቱን ቋጠሮ አስተያየ። የፋንታሁን ትንሽ ወፈር ያለ ነው፤ ግን ያው ነው። አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ።

"ቅዳሜ ገበያ እመጣለሁ ይላል" አለ ይባረክ። "የሁሉንም ሥራ አያለሁ። የሀገሩ ቋጠሮ ከሆነ በሁሉም ላይ አገኘዋለሁ። ካላገኘሁት ግን ሁለታችሁንም አገኛችኋለሁ ይላል። አሁን ሂዱ።"

ሁለቱ ወደ ጠዳ መንገድ ገቡ። ሰው ከአካባቢው ሲጠፋ አላምረው "ከየት አወቅኸው?" አለ።

"የዛሬ ሁለት ዓመት በሰው እጅ አለንጋህን ገዛሁ" አለ ፋንታሁን። "ከሑዳዴ መግቢያ እስከ ሆሳዕና ስፈታ ስቋጥር ከረምኩ። ጣቴ ተልጧል።"

"ሌባ ነህ።"

"አንተ ንፉግ ነህ። ብጠይቅህ ታሳየኝ ነበር?"

"አላሳይህም።"

"አየህ።" ትንሽ ሄዱና ፋንታሁን ቆመ። "ባንዳ መስለኸኝ ነበር። ያንን ሰደፍ ባላይ ኖሮ እንደማንኛውም ሰው ሸጉጬ ቆርጬው፣ አንተም ዛሬ ገመድ ላይ ነበርክ።"

አላምረው የቆዳ ተራውን ሰው በጣቱ መቁጠር ያዘ።

ቆዳ ተራ ላይ የሚቀመጡት ቆዳ ሠሪዎች ከነሱ ሌላ ዘጠኝ ነበሩ። ሐሙስና ዓርብ ብቻ ነው የቀረ። አላምረው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ራሱ ሄዶ አገኘ፤ የአባቴን ቋጠሮ በነጻ ላሳያችሁ አላቸው። ያመነው ሰው የለም። አንዱ በሩን እንደያዘ "ሃያ ጊዜ ለምኜህ ያልሰጠኸኝን ዛሬ ምነው በእግርህ መጣህ?" አለው። ሌላው "ካፒታኖ ነው የላከህ። የቋጠረውን ሰው ልትጠቁም ነው" አለ። ሦስተኛው ውሻ ለቀቀበት።

ታየች ስትሰማ "ጠላትህን ላከው" አለች።

ፋንታሁን ሄደ። ፋንታሁን አላምረውን እንደሚጠላ የማያውቅ ሰው ስለሌለ እሱን መጠርጠር አስቸገራቸው። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። "ቋጥሩ። ካልቋጠራችሁ ቅዳሜ ዕቃችሁን ይዛችሁ አትውጡ" ብቻ ነው ያለ። እያንዳንዱ ቤት ተቀምጦ አሳየ። ያልገባቸውን አላምረው ተከትሎ ሄዶ እጃቸውን ይዞ አስቋጠረ። የአባቱን ምሥጢር በሁለት ቀን ለዘጠኝ ሰው በተነ። ዓርብ ሲመሽ እራቱን ትቶ ደጅ ወጥቶ እንደ ተቀመጠ ነው የነገረኝ፤ ሞት ስለፈራ ነው ወይስ ስለ አባቱ፣ እሱም አልለየውም።

ቅዳሜ ካፒታኖው ይባረክን አስከትሎ መጣ። ከተራው ጫፍ ጀመረ። አንዱን አለንጋ አነሣ፤ ጉንጉን አለበት። ጅራፍ አነሣ፤ አለበት። ኮርቻ ገለበጠ፤ አለበት። አንዱ ሽማግሌ የቋጠረው እንደ ዶሮ ጎጆ ተዘባርቆ ነበር፤ ግን ሁለቱ ጫፎች በቀኝና በግራ ገብተዋል። ካፒታኖው እየሄደ አላምረው ፊት ሲደርስ ቆመ። አውራ ጣቱን አንዱ ጠፍር ላይ አሸት አሸት አደረገ።

"ሁሉም እርጥብ ነው ይላል" አለ ይባረክ። "ትናንት የተቋጠረ ይመስላል።"

ካፒታኖው እጁን አንሥቶ ወታደሮቹን ሊጠራ ሲል ፋንታሁን ከትይዩ ተናገረ።

"ገበያ የሚወጣ ዕቃ ትኩስ ነው፣ ጌታው። የከረመ ከፈለገ ይኸው።" የራሱን አለንጋ ከወገቡ መዝዞ ሰጠ። በላብ የጠቆረ፣ እጀታው ያለቀ፣ ያው የዛሬ ሁለት ዓመት የገዛው፣ ሲፈታና ሲቋጠር የከረመው የአላምረው ሥራ ነው። ጉንጉኑ ጠቁሮ እንደ ድንጋይ ደርቋል።

ካፒታኖው ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። ጥፍሩን አስገብቶ ሊፈታው ሞከረ፤ አልፈታ አለ። ፋንታሁንን አየ፤ አላምረውን አየ። አላመነም፤ ግን የሚይዘው ነገር አጣ። አለንጋውን መለሰና "ሌሎቹን ዱላዎች በሚመጣው ሳምንት ትሠራልኛለህ፤ እዚያው፣ እኔ እያየሁ" ብሎ በይባረክ በኩል አላምረውን አዘዘ። ሄደም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሸዋረግ ጭዷን ተሸክማ መጣች። ሁሉን ነገር ከወዲያ ቆማ ስታይ ነበር። "አላምረው፣ ጭድ አትገዛም?" አለችው።

"ምነው እስከ ዛሬ አልጠየቅሽኝ?"

"እስከ ዛሬ አላመንኩህም ነበር" አለች። "አሁንም ግማሹን ነው።"

ሰደፉ በዚያው ቀን ከጎታው ወጥቶ ወደ ወገራ ሄደ።

አላምረው የካፒታኖውን ዱላዎች ሁሉ፣ ወታደር ቆሞበት፣ አንድ በአንድ ጠመጠመ። ካፒታኖው ጣሊያን እስከተሸነፈበት ጊዜ ድረስ አፈር መግረፉን ትቶ ኳሷን ሲመታ ከረመ ይላሉ። የሰደፉም ሥራ አልቆመም፤ ከዚያ ወዲያ የማን እጅ እንደሆነ የሚለይ አልነበረም፤ ፋንታሁንም ግማሹን ይሠራ ነበር። በገበያ ግን ሁለቱ ሰላም አልተባባሉም። ሰላም ካሉ ይጠረጠራሉ። እንደ ቀድሞው ሲሰዳደቡ ኖሩ፤ እንዲያውም ስድቡ ከፊተኛው ተሻለ፤ ቀድመው ተነጋግረው ነበር የሚመጡ። ጣሊያን ሲወጣ ነው በሰው ፊት የተሳሳሙ፤ ሰው ሁሉ ታረቁ ብሎ እልል አለ።

ፋንታሁን ካረፈ አሁን ሦስት ዓመት ሆኖታል። አያ አላምረውም ጉልበቱ ስለከዳው ካለፈው ክረምት ወዲህ ገበያ አይወጣም። ሥራውን ግን አልተወም፤ የሚመጣለት ሰው ነው የጠፋ። በባሕር ዳር መንገድ የምታልፉ ሁሉ ጠዳ ስትደርሱ ውረዱና ጎብኙት። ከጎንደር ስትመጡ ከመንገዱ በስተግራ፣ ቆዳ የተወጠረበት ደጅ ብትሉ ያሳዩአችኋል። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ ጠዋት ጠዋት ጉልበቱን ያመዋል። ምንም ባትገዙም ግድ የለም፤ እሱና እማማ ታየች ሰው ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል። እባካችሁ ሂዱ።